ሳይቃጠል በቅጠል፦ የበጋ እሳትና የክረምት ጎርፍ በቀጨኔ ተፋሰስ



ክረምት በመጣ ቁጥር በዚህ ገጽ ላይ ስለ ጎርፍ እንጽፋለን። ብርድ ልብስ፣ ዱቄትና የምግብ ዘይት እንድታዋጡ እንጠይቃችኋለን፤ እናንተም አሳፍራችሁን አታውቁም። በዚህ እትም ግን ስለ ጎርፍ የምንናገረው ከእሳት ተነሥተን ነው። ይህ ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። እሳትና ውሃ ጠላቶች ናቸው እየተባልን አድገናልና፣ እሳት እንዴት ጎርፍ ይጠራል? ሆኖም በሐምሌ ወር ወንዝ ውስጥ የምናየው ጎርፍ አንዳንድ ጊዜ የሚጀምረው በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ ያውም ተራራ ላይ ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህን ግንኙነት ማስረዳትና ከክረምቱ በፊት ምን ማድረግ እንደሚገባን ማመልከት ነው።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ቀጨኔ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለ ሰፈር ነው። በሸክላ ሥራውና በሽመናው የታወቀ ነው። በከተማችን በብዙ ቤት ያለው ምጣድ፣ ጀበናና ድስት የቀጨኔ ሴቶች የእጅ ሥራ ነው። በዚሁ ስም የሚጠራው ወንዝም ከእንጦጦ ደቡባዊ ተዳፋት ተነሥቶ ወደ መሀል ከተማ ይወርዳል፤ ከሌሎች ወንዞች ጋር ተቀላቅሎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል።

ዝናቡ ተሰብስቦ ወደ አንድ ወንዝ የሚገባበት መሬት በሙሉ የዚያ ወንዝ ተፋሰስ ይባላል። የቀጨኔ ወንዝ ተፋሰስ ራስጌው እንጦጦ ነው። የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከዚያ እስከ ሰፈሩ ያለው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን ቁልቁለት ነው። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ ብዙ ውሃ፣ በአጭር ወራት፣ በአጭርና በቁልቁል መንገድ ይወርዳል ማለት ነው። ይህን ውሃ የሚያዘገየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የተራራው ልብስ ነው።

ተራራው ውሃ እንዴት ይጠጣል?

ልብሱን ባልተገፈፈ ተራራ ላይ ዝናብ ሲወርድ አራት ጊዜ ይያዛል። በመጀመሪያ የዛፉ ቅጠል ጠብታውን ተቀብሎ ኃይሉን ያበርደዋል። ሁለተኛ ሣሩና ቁጥቋጦው ይይዘዋል። ሦስተኛ በመሬት ላይ የተነጠፈው የረገፈ ቅጠልና ብስባሽ እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል። አራተኛ ሥሮችና ትሎች በአፈሩ ውስጥ በከፈቷቸው ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ውሃ ነው በላይ ፈስሶ ወደ ወንዙ የሚገባው፤ እርሱም ቀስ ብሎ ነው።

እሳት ምን ያደርጋል?

እሳት ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ይገፍፋል። ጉዳቱን አንድ በአንድ እንመልከት።

1. ቅጠሉንና ሣሩን ያጠፋል። የዝናቡ ጠብታ የሚያበርደው ሳያገኝ እርቃኑን የቀረውን አፈር በቀጥታ ይደበድባል።

2. ብስባሹን ያቃጥላል። ስፖንጁ ወደ አመድነት ይለወጣል። ረቂቁ አመድና የተደበደበው አፈር ተቀላቅለው የመሬቱን ቀዳዳዎች ይደፍናሉ።

3. አፈሩን የያዙትን ሥሮች ይጎዳል። የዛፍና የቁጥቋጦ ሥር ከሞተ በኋላ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፤ አፈሩም የሚያስረው ያጣል።

4. አፈሩን ውሃ የማያስገባ ያደርገዋል። ይህ አራተኛው ለብዙ ሰው የተሰወረ ስለሆነ ጠለቅ አድርገን እንመልከተው።

ለዚህ ከቀጨኔ ሸክላ የተሻለ አስተማሪ የለም። አዲስ ምጣድ ተገዝቶ እንደ መጣ ሊጥ አይፈስበትም። ሸክላው ባለ ብዙ ቀዳዳ ነውና ሊጡን ይመጠዋል፤ እንጀራውም ይያዛል። ስለዚህ እናቶቻችን አስቀድመው ያሟሹታል። ምጣዱን በእሳት ላይ አግለው የተወቀጠ ጎመን ዘር ደጋግመው ያሹበታል። ሙቀቱ ቅባቱን ወደ ሸክላው ቀዳዳዎች ይሰደዋል፤ ምጣዱም ወዝ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ቀዝቅዞ ሳለ ውሃ ብታንጠባጥቡበት ጠብታው እንደ ዶቃ ይንከባለላል እንጂ ቶሎ አይሰርግም።

የሰደድ እሳትም በተራራው አፈር ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በረገፈው ቅጠልና በብስባሹ ውስጥ ሰምና ዘይት መሰል ነገር አለ። ሲቃጠል በእንፋሎት መልክ ከፊሉ ወደ አየር ይወጣል፤ ከፊሉ ግን ወደ አፈሩ ይገባል። ከታች ያለው አፈር ቀዝቃዛ በመሆኑ እንፋሎቱ እዚያ ይረጋና የአፈሩን ቅንጣቶች እየለበጠ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሊቃውንት እንደ ደረሱበት ይህ ሽፋን የሚጠነክረው የአፈሩ ሙቀት ከ175 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። ሙቀቱ ከ280 ዲግሪ እያለፈ ሲሄድ ግን ሽፋኑ ራሱ ይቃጠላል። በዚህ ምክንያት ከባድ እሳት ባለፈበት ቦታ ላይኛው አፈር ውሃ ሲያስገባ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ያለው ሊያግድ ይችላል። በዚያ ጊዜ ከላይ ያለው ልል አፈር ውሃ ጠጥቶ ይከብድና በሽፋኑ ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል። ተራራው እንደ ተሟሸ ምጣድ ሆነ ማለት ነው።

ዝናቡ ሳይጨምር ጎርፉ ሲጨምር

ነገሩን በሒሳብ እናስረዳ። በአንድ ሄክታር መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 10,000 ሊትር ውሃ ነው፤ ይህም ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን 500 ጊዜ ይሞላል።

ለምሳሌ ያህል በ100 ሄክታር ተዳፋት ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ እንበል። ተራራው ልብሱን እንደ ለበሰ 18ቱን ጠጥቶ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢለቅ፣ ወደ ወንዙ የሚገባው 100,000 ጀሪካን ውሃ ነው። ያው ተራራ ተቃጥሎ 8ቱን ብቻ ቢጠጣና 12 ሚሊ ሜትር ቢለቅ፣ ወደ ወንዙ የሚገባው 600,000 ጀሪካን ይሆናል። ዝናቡ በአንዲት ጠብታ እንኳ አልጨመረም፤ ጎርፉ ግን ስድስት እጥፍ ሆነ። የሚያዘገየው ሣርና ቅጠል ስለሌለም ቀድሞ በሰዓታት ይደርስ የነበረው ውሃ በደቂቃዎች ይደርሳል።

ከዚህም ሌላ የሚመጣው ውሃ ብቻ አይደለም። አመድ፣ ጭቃ፣ ድንጋይና የተቃጠለ ግንድ አብሮ ይወርዳል። ይህ ድብልቅ የድልድይን አፍና የቱቦን ጉሮሮ ይዘጋል፤ ውሃውም መንገዱን ለውጦ ወደ ሰው ደጅ ይገባል።

ከሌላ አገርና ከራሳችን አገር የምንማረው

ይህ በአሳብ ብቻ የቀረ ነገር እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ በታኅሣሥ 2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቶማስ የተባለው የሰደድ እሳት ከ110,000 ሄክታር በላይ አቃጠለ። እሳቱ ከተነሣ ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በጥር 9 ቀን 2018 ሊነጋጋ ሲል፣ ሞንቴሲቶ ከተባለችው ከተማ በላይ ባለው በተቃጠለው ተራራ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ዝናቡ ረጅም አልነበረም፤ በአንድ ስፍራ በ5 ደቂቃ ውስጥ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ተለካ። ይሁን እንጂ ቋጥኝ ያዘለ ጭቃ ወርዶ የ23 ሰዎችን ሕይወት አጠፋ። ሀብት፣ መንገድና ማስጠንቀቂያ ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ በእኛ ዘንድ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባናል።

የሰደድ እሳት በአገራችንም እንግዳ አይደለም። በ1992 ዓ.ም በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው እሳት ለሳምንታት የቆየ ሲሆን፣ ለማጥፋት ከውጭ አገር ባለሙያዎች መምጣት አስፈልጎ ነበር። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም ደግሞ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቃጠለ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ። ሁለቱም የተነሡት ከክረምት በፊት ባለው ደረቅ ወቅት መሆኑን ልብ በሉ።

የተራቆተ ተራራ ምን ሊያወርድ እንደሚችል ደግሞ ድሬዳዋ አስተምራናለች። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም ሌሊት በከተማዋ ላይ ሳይሆን ከከተማዋ በላይ ባሉት ደጋማ ቦታዎች ብርቱ ዝናብ ጣለ። ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ በተኛው ሕዝብ ላይ ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ያ ጎርፍ የመጣው ከእሳት በኋላ አልነበረም፤ ደኑ ከተመናመነበት ተራራ ግን ነበር። ዛፉ በመጥረቢያ ይውደቅ ወይም በእሳት ይጥፋ፣ ከታች ለሚኖረው ሰው ውጤቱ ተመሳሳይ ነው።

የእንጦጦ ልዩ ሁኔታ

ወደ ቀጨኔ እንመለስ። ስለ እንጦጦ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይገባል።

አንደኛው ዛፉ ነው። የቀድሞው የጥድና የወይራ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ካለቀ በኋላ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ተራራውን ሸፈነው። ባሕር ዛፍ ለከተማችን ባለውለታ ነው፤ ማገዶዋና የቤቷ ምሰሶ እርሱ ነበርና። ነገር ግን ቅጠሉ ዘይት የበዛበት በመሆኑ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ተልጦ የሚንጠለጠለው ቅርፊቱም እሳቱን ወደ ላይ ያደርሳል። በሥሩ ያለው አፈር ሳይቃጠል እንኳ በደረቀ ጊዜ ውሃ የመግፋት ጠባይ አለው። ከተቃጠለ በኋላ ጉቶው ፈጥኖ ስለሚያቆጠቁጥ ከሩቅ የሚያይ ሰው «ተራራው ዳነ» ሊል ይችላል። ሆኖም ውሃውን የሚይዘው በዋናነት በመሬት ላይ የተነጠፈው ነው እንጂ ከላይ የሚታየው ለምለም ቅጠል አይደለም።

ሁለተኛው የወራቱ ቅደም ተከተል ነው። በእኛ አገር እሳት የሚያሰጋው ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት፣ ሣሩና ቅጠሉ ሲደርቅ ነው። ወዲያው ሰኔ ይገባል። በመጋቢት የተቃጠለ ተዳፋት ሣር ለማብቀል ጊዜ ሳያገኝ የዓመቱ ከባድ ዝናብ ይደርስበታል። በመካከሉ የበልግ ዝናብ ከጣለም የመጀመሪያው ፈተና እርሱ ነው። አደጋው ከፍ የሚለው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ክረምት ሲሆን፣ መሬቱ መልሶ እስኪሸፈን እስከ አምስት ዓመት ሊዘልቅ ይችላል።

ሦስተኛው የሰው ኑሮ ነው። ብዙ ድሆች እናቶች ከእንጦጦ ደረቅ ቅጠል ጠርገው፣ ጭራሮ ለቅመው በጀርባቸው እየተሸከሙ ወርደው ሲሸጡ ዘመናት አልፈዋል። መጥረግ ተራራውን ከእሳት ይጠብቃል የሚሉ አሉ፤ የሚቀጣጠለውን ነገር ስለሚቀንስ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ፈጽሞ የተጠረገ ተዳፋት፣ እሳት ባይነካውም ስፖንጁን አጥቷል።

ከእነዚህ እናቶች አንዷን በቁልቁለቱ ላይ አግኝተን ይህን ልናስረዳቸው ሞከርን። ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አሳርፈው በጸጥታ ካዳመጡን በኋላ፣ «ልጆቼ፣ የምትሉት እውነት ነው። የእኔም ቤት ከወንዙ አጠገብ ነው። ግን ቅጠሉን ተዪ ካላችሁኝ፣ ለዛሬ ማታ ምን ልትሰጡኝ ነው?» አሉን። በዚያ ሰዓት መልስ አልነበረንም። በጎርፍ የሚጎዳውና ቅጠሉን የሚጠርገው ሰው አንድ መሆኑን ያን ቀን ተረዳን። ከዚያ ወዲህ «ክልክል ነው» የሚል ትምህርት ብቻውን እንደማይበቃ አምነናል።

የቀጨኔ ጎርፍ ሁሉ ከእሳት ይመጣል አንልም። የቤት ጣሪያ፣ አስፋልትና በቆሻሻ የተደፈነ ቦይም ጎርፍ ያመጣሉ። በቅርብ ዓመታት በከተማዋ የወንዝ ዳር ልማት እየተሠራ የብዙ ስፍራ ገጽታ ተለውጧል። ነገር ግን ከታች ያለው ቢያምር፣ ውሃው የሚመጣው ከዚያው ተራራ ነው።

ምን እናድርግ?

ከእሳት በፊት (ከኅዳር ጀምሮ)
ቅጠል የሚጠረግበትንና የማይጠረግበትን ቦታ ከነዋሪው ጋር ተመካክሮ መለየት ይቻላል። በመንገድ ዳርና በእሳት መከላከያ መስመር ላይ ይጠረግ፤ በቀጥ ያለ ተዳፋትና በምንጭና በጅረት ዳር ግን ይተው። ገቢያቸው ለሚቀንስ እናቶች ሌላ ሥራ፣ ለምሳሌ ችግኝ ማፍላትና እርከን መሥራት፣ በክፍያ ሊሰጥ ይገባል። በባሕር ዛፉ መካከል ጥድ፣ ወይራና ኮሶ መትከል ተራራውን የሚያድነው በረጅም ጊዜ ነው። ከእንጦጦ ጋር በተያያዘው መሬት ላይ በ705 ሄክታር የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አገር በቀል ዛፎችን ሲያለማ ማየት ይጠቅማል።

እሳት ሲነሣ
ወዲያው ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሕፃናትና አረጋውያን ወደ ተራራው አይውጡ።

ከእሳት በኋላ፣ ከክረምቱ በፊት
የመጀመሪያው ሥራ መሬቱን ማልበስ ነው። ሣርና ገለባ መጎዝጎዝ፣ የተቆረጠ ቅርንጫፍና ግንድ በተዳፋቱ አግድም ማስተኛት፣ በትንንሽ ሸለቆዎች ውስጥ የድንጋይ ክትር መሥራት ይገባል። ሁለተኛው ከታች ያሉትን ቦዮች፣ ቱቦዎችና የድልድይ አፎች መጥረግ ነው። ሦስተኛው አፈሩን መፈተን ነው። አመዱን ገለጥ አድርጋችሁ በደረቁ አፈር ላይ ጥቂት የውሃ ጠብታ አኑሩ። ከ5 ሰከንድ በላይ ሳይሰርግ እንደ ዶቃ ከቆየ አፈሩ ውሃ ይገፋል። ከዚያም ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ እንደገና ሞክሩ፤ ሽፋኑ ከታች ሊሆን ይችላልና።

ዝናብ ሲጥል
በሰፈሩ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ እንጦጦ ላይ ደመና ከጠቆረ ተጠንቀቁ። የወንዙ ውሃ በድንገት ከጠቆረ፣ አመድ ከሸተተ፣ ከላይ የሚያጉረመርም ድምፅ ከተሰማ፣ ወይም በዝናብ መካከል ወንዙ በድንገት ከጎደለ፣ ከላይ ተገድቦ ሊሆን ይችላልና ዕቃ ሳትሰበስቡ ወደ ከፍታ ውጡ። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ አንድን ጐልማሳ ሊጥል ይችላል። ከላይ የሚኖር ቤተሰብ ከታች ላለው ስልክ የሚደውልበትን ሥርዓት ከወዲሁ አዘጋጁ።

ማጠቃለያ

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ትንሹ እሳት ሳይስፋፋ በእርጥብ ቅጠል መትቶ ማጥፋት ይቻላል ማለታቸው ነው። እኛም ከእንጦጦ ቁልቁለት ይህን ተምረናል፤ በተራራው ላይ የተተወው ቅጠል ራሱ የሚጠብቀን ጋሻ ነው።

ውድ ደጋፊዎቻችን፤ ለጎርፍ ተጎጂ ብርድ ልብስ ማቀበላችን አይቀርም፤ መልካም ሥራም ነው። ነገር ግን ብርድ ልብሱ የሚደርሰው ከጎርፉ በኋላ ነው። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ ከስጦታችሁ ጥቂቱን ለሐምሌ ሳይሆን ለኅዳር ብናውለው፣ ለአንዲት እናት የቅጠል ሸክሟን የሚተካ የቀን ሥራ ብንሰጣት፣ ተራራው ልብሱን ይዞ ይቆያል። ያን ጊዜ ለጠየቁን እናት መልስ ይኖረናል።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የተሟሸ ምጣድና የተቃጠለ ተራራ በምን ይመሳሰላሉ?
2. ዝናቡ ሳይጨምር ጎርፉ ሊጨምር የሚችለው ለምንድን ነው?
3. ባሕር ዛፉ ማቆጥቆጡ ብቻ አደጋው ማለፉን ለምን አያመለክትም?
4. በምትኖሩበት ሰፈር ያለው ወንዝ ራስጌው የት ነው? ባለፈው በጋ እዚያ የተቃጠለ ቦታ አለ?
5. ቅጠል ጠርገው ለሚኖሩ እናቶች የእናንተ ጉባኤ ወይም ዕድር ምን ሊያደርግ ይችላል?